ጋሽ ደበበን በአንድ ጠቅታ የገደልኩ ዕለት

ይህን የምታነቡት ምሳ ላይ ሆናችሁ ከሆነ፣ በልታችሁ ስትጨርሱ ተመለሱ። ደም የለበትም፣ ሬሳም የለበትም፤ እንዲያውም ችግሩ ሬሳ አለመኖሩ ነው። ግን ባስታወስኩት ቁጥር ያቅለሸልሸኛል። የሚያቅለሸልሸኝ ሌላ ሰው ቢሆን ደግ ነበር፤ ሸሽቼው እኖር ነበር። የሚያቅለሸልሸኝ እኔው ነኝ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። መላኩ እባላለሁ። ገርጂ፣ ኮንዶሚኒየሙ ጥግ ላይ ፎቶ ኮፒ የማነሳ፣ ማመልከቻ የምጽፍ፣ መታወቂያ በላስቲክ የማሽግ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ይሄ ይሁን እንጂ ሙያዬ ቀልድ ነበር። እኔ በተቀመጥኩበት ሚኒባስ ውስጥ ከመገናኛ እስከ ገርጂ ሳይስቅ የወረደ ተሳፋሪ የለም። እኔ በተገኘሁበት ለቅሶ ላይ ሟቹ ራሱ ፈገግ ብሎ ነበር ይባላል። ይባላል ያልኩት እኔው ነኝ፤ ቢሆንም ይባላል።

የእድራችን ጸሐፊ ጋሽ ደበበ የቀልድ ሁሉ ተቃራኒ ናቸው። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ሲራመዱም መሬቱን እየለኩ ነው የሚመስለው። «እንደምን አደርክ» ሲሏችሁ ከሥሩ ፊርማ የሚጠይቋችሁ ይመስላችኋል። በደረት ኪሳቸው የምትሰካ አንዲት እስክሪብቶ አለቻቸው፤ ሰው ተውሷት የማያውቅ፣ እሳቸውም ጥለዋት የማያውቁ። አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ትዕግስት። ደሴ አስተማሪ ናት። እሳቸው ያልወደዱትን ልጅ አግብታ ከሄደች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር፤ በእነዚያ ሁለት ዓመታት አባትና ልጅ አንዲት ቃል እንዳልተለዋወጡ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ባለፈው ዓመት እድራችን ኢንተርኔት ውስጥ ገባ። ያስገባን ኤፍሬም የሚባል የኮምፒውተር ባለሙያ ጎረቤታችን ነው። ሰብስቦን እንዲህ አለን፦

«ይሄ ማኅበራዊ መረብ አንድ ባለቤት የለውም። ሁሉም የየራሱን ቤት ይሠራል፣ የየራሱን ደንብ ያወጣል። ቤቶቹ ግን ወዳጅ ይሆናሉ፤ እኛ ቤት የተለጠፈ ነገር ወዳጅ ቤቶች ግድግዳ ላይም ይገለበጣል።»

«በቃ እድር ማለት ነው!» አልኩ። ሰው ሳቀ።

«ከተሳሳትንስ?» አሉ ጋሽ ደበበ። «የለጠፍነውን ብንልጠው?»

«ከእኛ ግድግዳ ይላጣል። ከእነሱ ግድግዳ የሚልጡት እነሱ ናቸው። ከፈለጉ።»

ጋሽ ደበበ «እኔ የለሁበትም» ብለው ወጡ። እኛ ደንቡን ጻፍን። አዲስ ገቢ ማንነቱ የሚረጋገጠው በእድር ወግ ነው፤ ሁለት ነባር አባላት «እናውቀዋለን፣ እሱ ነው» ብለው ሲመሰክሩለት ከስሙ ጎን አረንጓዴ ምልክት ይበቅላል። ኤፍሬም «ምስክሮቹ ከዋሹስ?» ብሎ ጠይቆ ነበር። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እድርተኛ ይዋሻል እንዴ! ተቆጣጣሪ አድርገው የመረጡት ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝን እኔን ነው።

በሳምንቱ በጋሽ ደበበ ስም አካውንት ከፈትኩ።

አንደኛው ምስክር እኔ ነኝ። ሁለተኛው ከድር ነው፤ ሱቁ ከሱቄ ጋር ግድግዳ የሚጋራ ልብስ ሰፊ። «ወላሂ እኔ የለሁበትም» እያለ በአውራ ጣቱ ተጫነው። አረንጓዴው በቀለ። ጋሽ ደበበ ሆኜ የመጀመሪያውን ማስታወቂያ ለጠፍኩ፦ «ከዛሬ ጀምሮ ለቅሶ ላይ መሳቅ ተፈቅዷል። የማይስቅ ይቀጣል።» ሰፈሩ ተንከባለለ። ግማሹ ቀልድ መሆኑን አወቀ፤ ግማሹ ምልክቱን አይቶ ሰውዬው በእርጅናቸው አመል ቀየሩ ብሎ ተደነቀ። ፊት ለፊት ሊጠይቃቸው የደፈረ ግን የለም።

በሦስተኛው ቀን ከደሴ፣ ወዳጃችን ከሆነው ከመምህራኑ ቤት፣ መልእክት ገባልኝ። «አባዬ፣ እውነት አንተ ነህ? ምልክቱን አይቼ ነው።»

እዚህ ላይ ሰው የሚባል ፍጡር ስልኩን ይዘጋል። እኔ «አዎ ልጄ። ናፍቀሽኛል» ብዬ ጻፍኩ።

ስድስት ሳምንት ተጻጻፍን። «ደውልልኝ» ስትለኝ «ጆሮዬ ደክሟል፣ በጽሑፍ ይሻለኛል» አልኳት። የባሏን ስልክ ቁጥር ላከችልኝ፤ «እኔ ባልገኝ ዳዊት ጋ ደውል፤ እሱም ይፈልግሃል» ብላ። ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ ይቅር አልኳት። እኔ! የሰው ልጅ ይቅር አልኩ! መልእክቶቿን ሱቅ ውስጥ በጋሽ ደበበ ድምፅ እያነበብኩ ከድርን አስቀው ነበር። አንድ ቀን «አባዬ፣ ለማንም አልነገርኩም፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። እፈራለሁ። እናቴ ብትኖር ኖሮ...» የሚለውን ሳነብ ከድር መቀሱን አስቀመጠ።

«መላኩ፣ ሐራም ነው ይሄ። ዝጋው።»

«ቆይ እንጂ፣ ገና ወንድ ይሁን ሴት አልነገረችኝም» ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ። ለእሷም «ነይ፣ እቤት ውለጂ» ብዬ መለስኩላት። ያንን ሳቅ አሁን ስሰማው የቆሻሻ ገንዳ ክዳን የተነሳ ያህል ይሸተኛል።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ደበበ በአካል ሱቄ መጡ።

«ኮሚቴው ከእንግዲህ ቃለ ጉባኤ በዚያ በቤታችሁ በኩል ይላክ ብሏል። መዝግበኝ።»

«አሁን... ኔትወርክ የለም ጋሼ። ነገ ጠዋት ይምጡ።»

ሄዱ። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ደበበ አይመዘገብም፤ ያንደኛው መጥፋት ግድ ነው። የአካውንቱን መሰረዣ ስከፍት ከእድሩ ደንብ የተቀዳ ቅጽ መጣ፦ «አባሉ የሚወጣበት ምክንያት»። ምርጫው ሦስት ነው። በገዛ ፈቃድ፤ የኮሚቴ ፊርማ ይፈልጋል። በመባረር፤ ጠቅላላ ጉባኤ ይፈልጋል። በሞት፤ የተቆጣጣሪው ቃል ብቻ ይበቃል፤ ድንኳን ምስክር አይጠብቅማ! ይህን አንቀጽ ያረቀቅኩት ራሴ ነኝ።

በሞት የሚለውን ተጫንኩ። «እርግጠኛ ነዎት?» አለኝ። አዎ አልኩት። አካውንቱ ተዘጋ። ለራሴ «ነፍስ ይማር» ብዬ ሳቅኩና ስልኬን ሱቅ ውስጥ ቻርጅ ላይ ትቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቅጹ አካውንት ዘግቶ ዝም እንደማይል ረስቼ ነበር። የሞት ቅጽ መርዶ ይለጥፋል። በእኛ ግድግዳ፣ በወዳጅ ቤቶችም ግድግዳ ሁሉ። ከነአረንጓዴ ምልክቱ።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ሱቅ ስመጣ ጋሽ ደበበ በር ላይ የእድሩ ድንኳን ብረት ከመኪና እየወረደ ነው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። አንዷ ድምፅ አውጥታ «እኔን ደቤ!» ስትል በሩ ተከፈተ።

ጋሽ ደበበ ናቸው። በፒጃማ፣ መፋቂያ በአፋቸው።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ገርጂ በሙሉ፣ የቦሌ አውሮፕላን ሳይቀር ሞተሩን ያጠፋ መሰለኝ። «እኔን ደቤ» ያለችው ሴት ባለችበት ቁጭ አለች። ብረቱን የተሸከመው ጎረምሳ በመጨረሻ፣

«ጋሽ ደበበ... እርስዎ ነዎት» አለ።

«መቼ?»

«ትናንት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ።»

ጋሽ ደበበ አልጮኹም፣ አልሳቁም። ጸሐፊ ናቸውና የጸሐፊ ጥያቄ ጠየቁ፦ «ማን አረጋገጠ?»

የሰው ሁሉ ዓይን ወደ እኔ ዞረ።

ቀልድ ሊመጣልኝ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ኤፍሬም ላፕቶፑን አቅፎ እየሮጠ ባይመጣ ኖሮ እለው ነበር።

«ከእኛ ቤት አጥፍቼዋለሁ» አለ። «ግን ወደ አሥራ አንድ ቤት ተገልብጧል። ደሴም ደርሷል። ትዕግስት ሊነጋ ሲል እዚያ ጽፋለች።» አነበበው፦ «እየመጣሁ ነው። ሳልደርስ አባቴን እንዳትቀብሩት።»

መፋቂያው ከጋሽ ደበበ አፍ ወደቀ።

«ልጄ?» አሉ። «እኔን ብላ ትመጣለች?»

«ይደወልላታ! ስልኳን ማን ያውቃል?» ተባለ። አባትየው ቁጥሯን አያውቁም። ማንም አያውቅም። ሱቄን ከፍቼ ስልኬን ይዤ መጣሁና የባልየውን ቁጥር መታሁ። ዳዊት እያለቀሰ አነሳ።

«ለሥራ ኮምቦልቻ ነበርኩ፤ ስገባ የለችም። ስልኳን አልጋ ላይ ጥላው ነው የወጣችው። በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄዳለች። ሰባት ወሯ እኮ ነው! ሐኪም ረጅም መንገድ ከልክሏታል፤ የደም ግፊቷ ከፍ ይላል።»

ስልኩ ሲዘጋ ጋሽ ደበበ ዞር ብለው አዩኝ። «የልጄን ባል ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

ነገርኳቸው። ድንኳኑ ሥር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት።

በጥፊ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። መነጽራቸውን አስመጡ፤ ስልኬን ተቀብለው እዚያው ላይ የቀረውን የስድስት ሳምንት መልእክት ከላይ እስከ ታች፣ ብረቱን ተደግፈው ቆመው አነበቡት። ሲጨርሱ፣

«ይሄን ‹ናፍቀሽኛል› የሚለውን አንተ ነህ የጻፍከው?»

«አዎ ጋሼ።»

«እኔ ሁለት ዓመት ወረቀት ፊት ተቀምጬ አቅቶኛል።» ምራቃቸውን ጎን ብለው ተፉ። እኔ ላይ አልተፉም። እኔ ላይ ለመትፋትም ተጸይፈውኝ ነው።

የቀረን ተስፋ አንድ ነበር። አውቶቡሱ ውስጥ ስልክ የያዘ የደሴ ሰው አይጠፋም፤ መርዶው ከደሴ ቤት ግድግዳ ተነስቶ ማስተባበያ ቢለጠፍ፣ አንዱ አይቶ «አባትሽ አልሞቱም» ይላታል። ኤፍሬም ለደሴው ቤት ተቆጣጣሪ ጻፈ። መልስ እስኪመጣ አንድ ሰዓት ፈጀ፤ መልሱም «በሐሰት የሞት ማስተባበያ ብዙ ተቸግረናል። ሟቹ በተረጋገጠ አካውንታቸው ገብተው ራሳቸው ያስተባብሉ» የሚል ነበር።

«አካውንቱ እኮ ሟች ተብሎ ተቆልፏል!» አልኩ።

«ክፈተዋ!» አሉ ጋሽ ደበበ።

ኤፍሬም አንገቱን ደፋ። «በሞት የተዘጋ አይከፈትም። ደንባችን ነው።»

ያም ደንብ የእኔ ነው። «የሞተ ተነስቶ መዋጮ አይጠይቀንም» ብዬ ነበር ያጸደቅኩት፤ ያን ጊዜም ተስቋል።

እሺ፣ ቪዲዮ እንቅረጽ ተባለ። ጋሽ ደበበ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ካሜራ ፊት ቆመው «እኔ ደበበ ነኝ፤ በሕይወት አለሁ» አሉ። ለጠፍነው። አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን ስነግራችሁ አፌን ጨው ጨው ይለኛል። ከሥሩ የተጻፈውን ተመልከቱ፦ «ይሄ በኤአይ የተሠራ ነው፤ ጋሽ ደበበ እንዲህ ወፍራም አልነበሩም።» «በሟች መነገድ ነውር ነው!» በሕይወቱ ገርጂን ረግጦ የማያውቅ ሰው «ትናንት አብረን ምሳ በልተን ነበር፤ ‹አደራ› ብለውኝ ነው የተለዩት» ብሎ የሚያለቅስ ፊት ደርድሯል። አንዱ ቤት ደግሞ የማናውቀው ሽማግሌ ፎቶ ለጥፎ «የጋሽ ደበበ አጭር የሕይወት ታሪክ» ጽፏል። ዝንብ ቁስል ላይ እንደሚያርፈው ነው ያረፉበት፤ ቁስሉ ግን የማን ሥራ ነበር?

ስድስት ሰዓት ሆነ። ሰባት። ደሴ ግድግዳ ላይ ጋሽ ደበበ እንደሞቱ ናቸው።

ስምንት ሰዓት ላይ በኤፍሬም መኪና ወደ ላምበረት አውቶቡስ መናኸሪያ ሄድን። ጋሽ ደበበ ከፊት ተቀመጡ። ልብሳቸውን አልቀየሩም፤ ከረቫታቸውን በመስታወቱ እያዩ ሦስት ጊዜ አስተካከሉ። «ሬሳ እንዳልመስላት» አሉ ለራሳቸው። እኔ ከኋላ ነበርኩ። ከመገናኛ ላምበረት ያለው መንገድ ያን ቀን ከደሴ ይረዝም ነበር።

«ድንገት ካየችኝ ትደነግጣለች» አሉ መናኸሪያው ስንደርስ። «አንተ ገደልከኝ፤ አንተ ሄደህ አስነሳኝ።»

አውቶቡሱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ገባ። ትዕግስት በመጨረሻ ወረደች፤ ጥቁር ለብሳ፣ አንድ እጇ ሆዷ ላይ፣ አንዲት ተሳፋሪ ክንዷን ደግፋት። ፊቷ አመድ ነው፤ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። ቀረብኩ።

«ትዕግስት፣ አይዞሽ። አባትሽ ደህና ናቸው። አልሞቱም።»

«አንተ ማነህ?»

«የእድሩ... ተቆጣጣሪ ነኝ።»

ፈገግ አለች፤ የሚያሳዝን ፈገግታ። «ገባኝ። ‹ትንሽ አሟቸው ነው› እየተባለ ቤት ድረስ ይኬዳል፤ እናቴ ስትሞትም እንዲሁ ነበር የተደረግኩት። አትዋሸኝ ወንድሜ። ልጅ አይደለሁም።»

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነት ብናገር የሚያምነኝ ሰው አጣሁ። ከዚያ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ትዕግስት።»

ወደ መሬት ተንሸራተተች። ጋሽ ደበበ ከነሙሉ ልብሳቸው የመናኸሪያው አቧራ ላይ ተንበርክከው ያዟት። ፊታቸውን በሁለት እጇ ዳበሰች፤ ጆሮአቸውን፣ አገጫቸውን፣ መነጽራቸውን። ምልክት አልፈለገችም፤ በመዳፏ አረጋገጠች። ጮኸች፣ ደረታቸውን ደበደበች፣ አለቀሰች። እሳቸው «አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ» ይላሉ።

ትንፋሿ ሲመለስ «አባዬ» አለች፤ «የጻፍክልኝን ሁሉ ይዤዋለሁ። አንድም አላጠፋሁም።»

እነዚያን ቃላት ሊወስዷቸው ይችሉ ነበር። ማንም አይከሳቸውም። እኔማ በልቤ ወስደዋቸው እንዲገላግሉኝ እየለመንኩ ነበር።

«እኔ አልጻፍኩትም ልጄ» አሉ። «ይሄ ሰውዬ ነው። በእኔ ስም ሲቀልድ።»

ዞራ አየችኝ። በዓይኗ አንድ በአንድ ስትቆጥር ይታየኛል፤ ይቅርታዋን፣ ፍርሃቷን፣ ሆዷን።

«ስለ ልጄ የነገርኩት... ለአንተ ነው?»

በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅኩ። ጎንበስ አለችና አስታወከች። ጫማዬ ላይ። ጋሽ ደበበ ግንባሯን ደገፉ። እግሬን አላነሳሁም፤ የእኔ ድርሻ እንደሆነ አውቄያለሁና። ሽታው ከእሷ የመጣ አልመሰለኝም። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያበላኋት ነው ወደ እኔ የተመለሰው።

አፏን በመሐረባቸው ጠረጉላት። «ነይ» አሏት፤ «እቤት ውለጂ።»

ቀና ብላ አየቻቸው። «ይሄስ የማን ነው?»

«ይሄ የእኔ ነው።»

መኪናው ውስጥ ገቡ። ለእኔ ቦታ ነበር፤ ና ያለኝ ግን የለም፤ ብባልም አልገባም ነበር። ከላምበረት ገርጂ በእግሬ ሄድኩ። መንገድ ላይ አንድም ሰው አላሳቅኩም።

ሐኪም ቤት ሁለት ሳምንት ተኛች፤ ሁለቱም ተረፉ። በሁለት ወሩ ሴት ልጅ ወለደች፣ በአያቷ ቤት። ይህን ስታነቡ ደስ ካላችሁ ደስታችሁ ለእነሱ ይሁን፤ እኔን በጎ አደረገ ብሎ የሚያጽናናኝ ሰው ሲመጣ ግን ያቅለሸልሸኛል። «ባትቀልድ መቼ ይታረቁ ነበር!» ይሉኛል። ታንቆ የዳነን ሰው ገመዱን አመስግን እንደማለት ነው።

እናንተም አረንጓዴ ምልክት አይታችሁ ልባችሁን የምትከፍቱ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከዚያ ምልክት ኋላ ያለው ማሽን አይደለም። እንደኔ ያለ፣ ጓደኛው ሱቅ ገብቶ «ተጫንልኝ» ያለው ሰው ነው። ከተቆጣጣሪነቱ ወርጃለሁ፤ ደንቡም ተቀይሯል፤ ምስክር አሁን በወረቀት ይፈርማል፣ ከሁለቱም አንዱ ቤተሰብ ነው። ጋሽ ደበበ ግን እስካሁን በሦስት ቤቶች እንደሞቱ ናቸው። አንዱ ቤት ተቆጣጣሪው ጠፍቶበታል፤ ሁለቱ ማስረጃ ይሉናል። አልፎ አልፎ አዲስ «ነፍስ ይማር» ይመጣል። እያንዳንዱን እያነበብኩ «በሕይወት አሉ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ በስሜ እመልሳለሁ። ብዙዎቹ «ቀልደኛ!» ይሉኛል።

ሕፃኗ ከተወለደች በኋላ አንድ ጠዋት ጋሽ ደበበ ሱቄ መጡ። ቅጽ ዘረጉልኝ። የአባልነት መመዝገቢያ ነው። በአንደኛው ምስክር ቦታ «ትዕግስት ደበበ» ተፈርሟል። ሁለተኛው ባዶ ነው።

«ፈርም።»

«እኔ? ጋሼ፣ እኔ እንዴት...»

«ስድስት ሳምንት እኔን ሆነህ ኖረሃል። አንተ እኔ አለመሆንህን ከአንተ ይበልጥ የሚያውቅ የለም። ፈርም።»

ያቺን እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። ፈረምኩ። ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው ጫፉን ይዘው አነሱት፣ ቀለሙ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ አጥፈው ፖስታ ውስጥ ከተው ወጡ።

«ጋሼ! እስክሪብቶዎን ረሱ!»

ዞር ሳይሉ መለሱልኝ። «አልረሳሁም።»